የአንጎል ቅርፊትና የሥራ ክፍፍሉ

(ለተማሪዎችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ሰው አንጎል ቅርፊት ነው። ቅርፊቱ እንደ አንድ ወጥ ነገር በሙሉ አብሮ ይሠራል? ወይስ እንደ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ሥራው በየክፍሉ ተደልድሎአል? የንግግሬ ዋና ጥያቄ ይህ ነው። ጥያቄው የሐኪሞች ብቻ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ወንጀለኛን ነገ የሚዳኘው የሕግ ተማሪ፣ ሕፃናትን የሚያስተምረው የመምህርነት ተማሪ፣ ስለ ነፃ ፈቃድ የሚከራከረው የፍልስፍና ተማሪ ሁሉ ውሎ አድሮ ከዚሁ ጥያቄ ጋር መገናኘቱ አይቀርም። በቤቱ ውስጥ አንደበቱ የተዘጋ ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ዘመድ ያለው ሰው ደግሞ ከሁላችንም ይልቅ ጉዳዩ ይነካዋል። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የምጠራ መሆኔን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

በእኛ ቋንቋ አሳቢው ልብ ነው። «ልብ በል» እንላለን እንጂ «አንጎል በል» አንልም። አስተዋዩ ሰው «ልበ ብሩህ»፣ የማያስተውለው «ልበ ቢስ» ይባላል። ይህም አስተሳሰብ የእኛ ብቻ አይደለም። የጥንት ግብፃውያን ሬሳ ሲያደርቁ ልብን በክብር በቦታው ይተዉት ነበር፤ አንጎልን ግን በአፍንጫ በኩል አውጥተው ይጥሉት ነበር። አሪስቶትልም ቢሆን የአሳብ መኖሪያ ልብ ነው፤ አንጎል የሰውነትን ሙቀት ማብረጃ ነው ብሎ አስተምሮአል። ሆኖም ከዚያው ከግብፅ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ዓመት ገደማ የተጻፈ አንድ የሕክምና ፓፒረስ ተገኝቶአል። 48 የሕመምተኞችን ጉዳይ የሚዘረዝረው ይህ ጽሑፍ፣ ጆሮ ግንዱ አካባቢ ተሰብሮ መናገር ስለ ተሳነው ሰው ይናገራል። ከዚያም በኋላ በሂፖክራተስ ስም የሚጠራው የግሪኮች የሕክምና ትምህርት ቤት የሚጥል በሽታ ከአማልክት የመጣ መቅሠፍት ሳይሆን የአንጎል በሽታ መሆኑን ጽፎአል። ስለዚህ ልብን ያነገሡ ሕዝቦች በነበሩበት ዘመን እንኳ፣ ቁስለኛን ከቅርብ የሚያይ ሐኪም ዐይኑ ወደ ራስ ቅል ማዘንበሉ አልቀረም።

ወደ ክርክሩ ከመግባቴ በፊት ቅርፊት የምንለው ነገር ምን እንደ ሆነ ባጭሩ ላስረዳ። የአዋቂ ሰው አንጎል ክብደቱ ወደ 1.4 ኪሎ ይጠጋል። ከሰውነታችን ክብደት 2 ከመቶ ብቻ ሆኖ ሳለ ሰውነታችን ከሚያቃጥለው ኃይል ወደ 20 ከመቶ የሚሆነውን ይበላል። በላዩ ላይ የተሸበሸበ ግራጫ ሽፋን አለ፤ ሊቃውንት በላቲን ቃል ኮርቴክስ ይሉታል፤ ትርጓሜውም የዛፍ ልጥ ወይም ቅርፊት ማለት ነው። ውፍረቱ ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር ነው። ሽብሽቡ ተዘርግቶ ቢለካ ስፋቱ ወደ 2,000 ካሬ ሴንቲሜትር ይሆናል። በስፋትም በውፍረትም ከአንድ ሙሉ እንጀራ ብዙ አይርቅም ማለት ነው። ይህ እንጀራ በራስ ቅል ውስጥ እንዲገባ ተጨማድዶአል፤ ከስፋቱም ከሦስት እጅ ሁለቱ በሽብሽቡ ውስጥ ተሰውሮ ይገኛል። ወደ 16 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሕዋሳት አሉበት። ግራና ቀኝ ሁለት ንፍቅ ሆኖ የተከፈለ ሲሆን፣ እያንዳንዱም ንፍቅ የግንባር፣ የአናት፣ የጆሮ ግንድና የማጅራት በኩል ክፍል ተብሎ በአራት ይከፈላል።

እንግዲህ ክርክሩ እንዴት ተጀመረ? በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በቪየና ከተማ ፍራንዝ ዮሴፍ ጋል የሚባል ሐኪም ነበር። ጋል የሰው ጠባይና ችሎታ በ27 የተለያዩ የአንጎል ክፍሎች ውስጥ ተደልድሎአል አለ። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ መልካም ነበር። እሱ ግን አንዱ ክፍል ሲያድግ የራስ ቅሉን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ስለዚህ የሰውን ራስ በእጅ ዳሶ ሌባነቱን፣ ደግነቱን፣ የሒሳብ ችሎታውን ማወቅ ይቻላል ብሎ አስተማረ። በ1801 ዓ.ም. መጨረሻ የኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ትምህርቱ ሃይማኖትን ያናጋል ብሎ ከለከለው፤ ጋልም ኋላ ወደ ፓሪስ ሄደ። በፓሪስም ፒየር ፍሉራንስ የሚባል ሊቅ ተቃወመው። ፍሉራንስ እንደ ጋል ራስ እየዳሰሰ አልተከራከረም፤ የርግቦችንና የሌሎችን እንስሳት አንጎል በየጥቂቱ እየቈረጠ ተመለከተ። ከላይኛው አንጎል በየትኛውም በኩል ቢቈረጥ እንስሳው በሁሉም ነገር እየደከመ እንጂ በአንድ ችሎታ ብቻ እየጎደለ አልታየውም። ስለዚህ ቅርፊቱ እንደ አንድ ሙሉ ነገር ይሠራል ሲል ደመደመ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ጋል በመሠረተ አሳቡ ወደ እውነት የቀረበ ሲሆን ማስረጃው ከንቱ ነበር። ፍሉራንስ መንገዱ የተሻለ ሲሆን መደምደሚያው ሰፋ። የርግብ አንጎል ቅርፊት እንደ ሰው የዳበረ ስላልሆነ፣ በርግብ የታየው ሁሉ ለሰው ይሠራል ማለት አይቻልም ነበር። ትክክለኛ ጥያቄ በመጥፎ ማስረጃ፣ ትክክለኛ ሥራ ሳይገባው በሰፋ ፍርድ ሊበላሽ እንደሚችል ከሁለቱ ሰዎች እንማራለን።

ክርክሩን ያዞረው በቢሴትር ሆስፒታል የተኛ አንድ ድሀ ሕመምተኛ ነው። ስሙ ለቦርኝ ይባላል፤ ነገር ግን ለማንኛውም ጥያቄ «ታን፣ ታን» ብቻ ብሎ ስለሚመልስ የሆስፒታሉ ሰዎች ታን ብለው ይጠሩት ነበር። በሚያዝያ ወር 1861 ዓ.ም. እግሩ ታሞ ቀዶ ጥገና ሐኪሙ ፖል ብሮካ ዘንድ ቀረበ። ብሮካም መረመረው። የቀኝ እጁ ሰልሎአል፤ ነገር ግን የሚነገረው ነገር አብዛኛው ይገባዋል። በሆስፒታሉ ስንት ዓመት እንደ ቈየ ሲጠየቅ የግራ እጁን አምስቱን ጣቶች አራት ጊዜ ከዘረጋ በኋላ አንድ ጣት ጨመረ፤ ይህም 21 ዓመት ማለት ነው፤ ልክም ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ሞተ። አንጎሉ ሲታይ በግራው ንፍቅ በግንባሩ ክፍል ወደ ታች በኩል የዶሮ ዕንቁላል የሚያህል ጉድጓድ ተገኘበት። ከዚያም ጥቂት ቃላት ብቻ የቀሩት ሌላ ሽማግሌ በዚያው ቦታ ተጎድቶ ተገኘ። ብሮካ ብዙ ሕመምተኞችን ከተመለከተ በኋላ በ1865 ዓ.ም. የመናገር ችሎታ በአብዛኛው ሰው ዘንድ በግራ ንፍቅ የተመሠረተ መሆኑን አስታወቀ። ሁለቱ ንፍቆች ሲታዩ ተመሳሳይ ሆነው በሥራ ግን እኩል አለመሆናቸው ያን ጊዜ ለሁሉ ግልጥ ሆነ።

በ1874 ዓ.ም. ደግሞ ካርል ቬርኒክ የሚባል የ26 ዓመት ጀርመናዊ ሐኪም የታንን ተቃራኒ የሆኑ ሕመምተኞችን አቀረበ። እነዚህ ሰዎች ቃል አልጠፋባቸውም፤ እንዲያውም ንግግራቸው እንደ ጅረት ይወርዳል፤ ነገር ግን ትርጉም የለውም፤ የሌላውም ሰው ንግግር አይገባቸውም። ጉዳታቸው ከግንባር ክፍል ሳይሆን በግራው ጆሮ ግንድ ክፍል ላይኛው የኋላ ዳር ነው። ቬርኒክ ከዚህ አንድ ትልቅ አሳብ አወጣ፤ ይኸውም አንዱ ቦታ ብቻውን ቋንቋን አይሠራም፤ የሚሰማው ቦታና የሚናገረው ቦታ በነርቭ ክሮች የተገናኙ ናቸው፤ ክሮቹም ቢበጠሱ ሌላ ዓይነት ጉድለት ይመጣል የሚል ነው። ሰውዬው ይሰማል፣ ይናገራል፤ የሰማውን ግን ደግሞ ማለት ያቅተዋል። እንዲህ ያሉ ሕመምተኞች በእውነት ተገኝተዋል።

በዚሁ ዘመን ከሆስፒታሉ ውጭም ሌላ ማስረጃ ይሰበሰብ ነበር። በ1870 ዓ.ም. ፍሪችና ሂትሲግ የሚባሉ ሁለት ጀርመናውያን በበርሊን የውሻን ቅርፊት በደካማ ኤሌክትሪክ ነኩ። በአንድ በኩል ቢነኩት የፊት እግሩ፣ በሌላ በኩል ቢነኩት የኋላ እግሩ ተንቀሳቀሰ፤ በግራ ቅርፊት ሲነካ የሚንቀሳቀሰው የቀኙ ነው። ቅርፊቱ ቢነካ አይሰማውም የሚለው የቈየ እምነት በዚያ ወደቀ። በእንግሊዝ አገር ዴቪድ ፌሪየር ይህንኑ ምርምር በዝንጀሮ ላይ ቀጠለ። በ1881 ዓ.ም. በሎንዶን በተደረገው ዓለም አቀፍ የሐኪሞች ጉባኤ ላይ ፌሪየርና ተቃዋሚው ጎልትስ ተገናኙ። ጎልትስ ብዙ ቅርፊት የተቈረጠበት ውሻ ይራመዳል፤ ስለዚህ የሥራ ክፍፍል የለም አለ። ፌሪየር ደግሞ ትንሽ ቦታ ብቻ የተጎዳበት ዝንጀሮ በአንድ በኩል ሽባ ሆኖ አሳየ። እንስሳቱ ተገድለው አንጎላቸው በገለልተኛ ሊቃውንት ሲመረመር የፌሪየር ቃል ልክ ሆኖ ተገኘ፤ ጎልትስ ግን ቈረጥሁ ያለውን ያህል አልቈረጠም ነበር። ክርክር በድምፅ ብዛትና በአንደበት ርቱዕነት ሳይሆን በምርመራ ሊፈታ የሚችል መሆኑን ለሚጠራጠር ሁሉ ይህ መልካም ምሳሌ ይመስለኛል።

ከእንስሳት ወደ ሰው የተመለሰውን ካርታ ከሁሉ ይልቅ ያሳየን በካናዳ ሞንትሪያል ይሠራ የነበረው ዋይልደር ፔንፊልድ ነው። ፔንፊልድ የሚጥል በሽታን ለማዳን የታመመውን የአንጎል ቦታ ቈርጦ ያወጣ ነበር። አንጎል ራሱ ሕመም አይሰማውምና የራስ ቆዳው ብቻ ደንዝዞ፣ ሕመምተኛው ነቅቶ እያወራ ቀዶ ጥገናው ይደረጋል። ሐኪሙ ጠቃሚ ቦታ እንዳይቈርጥ ቅርፊቱን በኤሌክትሪክ እየነካ ሕመምተኛውን ይጠይቃል። በዚህ መንገድ በ1937 ዓ.ም. ከቦልድሬይ ጋር ባወጣው ጥናት፣ የሰውነታችን ክፍሎች በመካከለኛው ስንጥቅ ግራና ቀኝ በተራ ተደርድረው እንደሚገኙ አሳየ። ድርሻቸው ግን እንደ ሰውነታችን መጠን አይደለም። ጀርባና ሆድ ትንሽ ቦታ ሲይዙ ከንፈር፣ ምላስና ጣቶች እጅግ ሰፊ ቦታ ይዘዋል። ምክንያቱም ግልጥ ነው፤ ጥልፍ የሚጠልፈው፣ በገና የሚደረድረው፣ ፊደል የሚጽፈው ጣት እንጂ ጀርባ አይደለም። ይህም ካርታ በ1950ዎቹ ተጽፎ ያለቀ አይደለም። በ2023 ዓ.ም. የታተመ ምርምር በእግር፣ በእጅና በአፍ ቦታዎች መካከል ገብተው መላ አካልን ለሥራ የሚያቀናጁ ሌሎች ቦታዎች መኖራቸውን አሳይቶአል።

የማየት ቦታ የታወቀበት ታሪክ ግን የሚያሳዝን ነው። በ1904 እና በ1905 ዓ.ም. በሩሲያና በጃፓን መካከል በተደረገው ጦርነት፣ የአዲሱ ዘመን ጥይት ፈጣንና ቀጭን ስለ ነበረ ራሳቸውን የተመቱ አንዳንድ ወታደሮች ሳይሞቱ ቀሩ። ኢኖዬ ታጹጂ የተባለ ጃፓናዊ የዐይን ሐኪም የቁስለኞቹን ጡረታ ለመወሰን የማየት ችሎታቸውን እንዲመረምር ታዘዘ። እሱም ጥይቱ የገባበትንና የወጣበትን ቦታ በጥንቃቄ ለክቶ ከጠፋው የማየት ክፍል ጋር አስተያየ። ሰዎቹ ዐይናቸው ደኅና ነው፤ ግን ከፊታቸው ካለው ዓለም አንዱ ቍራሽ ጠፍቶባቸዋል። በ1909 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ዐይን የሚያየው ዓለም በማጅራት በኩል ባለው ቅርፊት ላይ ነጥብ በነጥብ እንደ ተነደፈ አስረዳ። በዚያው ዓመት ጀርመናዊው ብሮድማን ቅርፊቱን በማጉያ መነጽር እየተመለከተ በሕዋሳቱ አደራደር መሠረት ለየቦታው ቍጥር ሰጠ፤ ቍጥሩም እስከ 52 ይደርሳል። የማየት ቦታ 17 ቍጥር፣ የብሮካ ቦታ 44 እና 45 ቍጥር ነው። በ2016 ዓ.ም. አዲስ ካርታ ሲሠራ ደግሞ በእያንዳንዱ ንፍቅ 180 ቦታዎች ተለይተዋል።

እስካሁን ስለ እጅ፣ ስለ ዐይንና ስለ አንደበት ተናግሬአለሁ። ጠባይስ? በ1848 ዓ.ም. በአሜሪካ ቬርሞንት አገር ፊንያስ ጌጅ የሚባል የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች አለቃ ባሩድ ሲጠቀጥቅ ፈንድቶ፣ ርዝመቱ ከአንድ ሜትር የሚበልጥ ክብደቱ 6 ኪሎ የሆነ ብረት በጉንጩ ገብቶ በአናቱ ወጣ። ሰውዬው አልሞተም፤ ተናገረም፣ ተራመደም። ሐኪሙ ሃርሎው እንደ ጻፈው ግን ጠባዩ ተለወጠ፤ የተከበረ አለቃ የነበረው ሰው ተሳዳቢና በአሳቡ የማይጸና ሆነ። ታሪኩ ሲነገር ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይቆማል፤ ይህም ትክክል አይደለም። ጌጅ ኋላ በቺሊ አገር ለዓመታት ሠረገላ እየነዳ ኖሮአል፤ ያም ሥራ ትዕግሥትና ጥንቃቄ የሚፈልግ ነው። ስለዚህ የግንባሩ ክፍል ራስን ለመግዛት ያለውን ድርሻ ከጉዳቱ ስንማር፣ የተጎዳ ሰው ሊያገግም የሚችል መሆኑንም ከዚያው ሰው እንማራለን።

ይህን ሁለተኛውን ትምህርት የረሱ ሐኪሞች ብዙ ሰው ጎድተዋል። በ1935 ዓ.ም. ፖርቱጋላዊው ኤጋስ ሞኒዝ የአእምሮ ሕመምተኞችን የግንባር ክፍል ክሮች በመቍረጥ ለማከም ጀመረ፤ በ1949 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። በአሜሪካና በአውሮፓ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች እንዲህ ተቈረጡ። ብዙዎቹ ጸጥ አሉ፤ ጸጥታው ግን የጤና ሳይሆን የፈዘዘ ሰው ጸጥታ ነበር። ስለ አንድ ቦታ ጥቂት ነገር ማወቅ ያንን ቦታ ለመቍረጥ ፈቃድ አይሰጥም።

አሁን የተቃዋሚዎቹን ቃል መስማት ይገባናል። አሜሪካዊው ካርል ላሽሊ በ1929 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፍ፣ መንገድ የተማሩ አይጦችን ቅርፊት በየቦታው ሲቈርጥ የሚጠፋው ትምህርት ከተቈረጠው ቦታ ይልቅ ከተቈረጠው ብዛት ጋር እንደሚሄድ ገለጠ። ከእሱም በፊት እንግሊዛዊው ሂዩሊንግስ ጃክሰን ጉዳት የሚገኝበትን ቦታ ማወቅና ሥራው የሚሠራበትን ቦታ ማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አስጠንቅቆ ነበር። ይህን በምሳሌ ላስረዳ። የዓባይ ድልድይ ቢፈርስ የደብረ ማርቆስ ገበያ ዕቃ ያጥረዋል። ዕቃው ግን ድልድዩ ውስጥ ተከማችቶ አልነበረም። እንደዚሁም አንድ ቦታ ተጎድቶ ንግግር ሲጠፋ፣ ንግግር በዚያ ቦታ እንደ እህል በጎተራ ተቀምጦ ነበር ማለት አይደለም።

የታን አንጎል ራሱ ይህን አረጋግጦአል። አንጎሉ በፓሪስ ተጠብቆ ስለ ኖረ በ2007 ዓ.ም. በማግኔት መሣሪያ ፎቶግራፍ ሳይቈራረጥ ውስጡ ታየ። ጉዳቱ ብሮካ ከላይ ካየው ቦታ አልፎ ወደ ጥልቁ ገብቶ፣ የፊቱን ክፍል ከኋላው የሚያገናኙትን ረጃጅም ክሮች ሁሉ ነክቶ ተገኘ። ስለዚህ የዛሬው ሳይንስ ለሁለቱም ወገኖች በከፊል ይፈርዳል። የሥራ ክፍፍል አለ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ቦታ ለብቻው የተቀመጠ ጌታ ሳይሆን በማኅበር የሚሠራ አባል ነው።

ክፍፍሉም በድንጋይ ላይ የተቀረጸ አይደለም። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ዐይነ ስውር የሆኑ ሰዎች የብሬይል ጽሑፍ በጣት ሲያነቡ ለዐይን የተሰጠው የማጅራት ቅርፊት ይሠራል፤ ይህ በ1996 ዓ.ም. ታውቆአል። በበሽታ ምክንያት የግራው ንፍቅ የወጣላቸው ትናንሽ ሕፃናትም በቀኙ ንፍቅ መናገር ሲማሩ ታይተዋል።

ከዚህ ሁሉ እኛን አብልጦ የሚመለከተን የማንበብ ነገር ነው። ሰው መናገር ከጀመረ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ጽሕፈት ግን ወደ 5,000 ዓመት ቢሆነው ነው። ይህ ጊዜ አንጎል ለማንበብ የተለየ ቦታ ይዞ እንዲወለድ የሚበቃ አይደለም። ነገር ግን በ1892 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ዴጀሪን አንድ አስደናቂ ሕመምተኛ ተመልክቶ ነበር፤ ሰውዬው ይናገራል፣ ይጽፋል፤ የጻፈውን ግን መልሶ ማንበብ አይችልም። ዛሬ በግራው ንፍቅ ከታች፣ በማጅራትና በጆሮ ግንድ ክፍሎች መካከል፣ ለተጻፈ ቃል የሚነቃ ቦታ መኖሩ ታውቆአል። አንባቢው በላቲንም ቢያነብ፣ በቻይናም ቢያነብ ቦታው ያው ነው ማለት ይቻላል። እንግዲህ ሳይሰጠን የተወለድንበትን ሥራ ይህ ቦታ ከወዴት አገኘው? መልሱ ከትምህርት ነው። ቀድሞ ቅርጽንና ፊትን ለመለየት የተዘጋጀው ቅርፊት በፊደል ገበታ ፊት ተቀምጦ አዲስ ሙያ ይማራል።

በ2010 ዓ.ም. በፖርቱጋልና በብራዚል ሰዎች ላይ የተደረገው ጥናት ከዚህ የበለጠ ነገር አሳየ። ፈጽሞ ያልተማሩ፣ በልጅነታቸው የተማሩ፣ እንዲሁም ካደጉ በኋላ ፊደል የቈጠሩ ሰዎች ተመረመሩ። ማንበብ የሚያመጣው የቅርፊት ለውጥ አብዛኛው፣ ካደጉ በኋላ በተማሩትም ዘንድ ተገኘ። «ሽማግሌ አይማርም፤ ጭንቅላቱ ደርቆአል» የሚለው አነጋገር እንግዲህ በምርመራ ፊት አይቆምም። ገበሬው አባታችን፣ ገበያተኛዋ እናታችን ፊደል ቢቈጥሩ ቅርፊታቸው እንደ እኛው ይታዘዛል። የጎደለው አንጎል ሳይሆን አስተማሪና ጊዜ ነው። በክረምት ዕረፍት ወደየትውልድ ቦታችን ስንሄድ ይህን እንድናስታውስ እፈልጋለሁ።

ንግግሬን ከማብቃቴ በፊት በሦስት ነገር ላሳስብ።

አንደኛ፤ በድንገት የአንጎል ደም ሥር ተዘግቶበት ወይም ፈስሶበት አንደበቱ የተያዘ ሰው ዕብድ አይደለም፤ ልቡናውም አልጠፋም። ታን 21 ዓመት በሆስፒታል ሲኖር ዓመቱን በጣቱ ይቈጥር ነበር። እንዲህ ያለውን ዘመድ እንደ ሕፃን ወይም እንደ ሌለ ሰው ቈጥሮ በራሱ ላይ ማውራት ታላቅ በደል ነው። በዝግታና በአጭር ቃል እናናግረው፣ በጣት እናመልክተው፣ መልሱን በትዕግሥት እንጠብቅ።

ሁለተኛ፤ የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው አንሽሽ። ሲወድቅ አረፋው ይይዘናል ብሎ መራቅ መሠረት የለውም። በሽታው የቅርፊቱ ሕዋሳት ያለ ልክ አብረው ሲተኵሱ የሚመጣ ነው፤ አይጋባም፤ አብዛኛውም በመድኃኒት ሊገታ ይችላል። ሕመምተኛውን በጎኑ ማስተኛት፣ ራሱ ከድንጋይና ከእሳት እንዲርቅ ማድረግ፣ በአፉም ውስጥ ምንም አለመክተት ይገባል። ጸበል የሚጠመቅም ቢሆን መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ እንምከረው።

ሦስተኛ፤ የአንጎል ዕውቀት ሰውን ለማዋረድ ሲውል ዝም አንበል። የታንን አንጎል በትሕትና የመረመረው ያው ብሮካ፣ የራስ ቅል እየለካና አንጎል እየመዘነ ጥቍሩን ሰው ከነጩ በታች፣ ሴቲቱንም ከወንዱ በታች አድርጎ መድቦአል። በአንዱ ሥራው ማስረጃውን ተከተለ፤ በሌላው ማስረጃው የእሱን አስተያየት እንዲከተል አደረገ። ልኬቱም መደምደሚያውም ኋላ ውድቅ ሆነዋል። በዛሬውም ዘመን «እሱ የግራ አንጎል ሰው ነው፤ እሷ የቀኝ አንጎል ሴት ናት» እያሉ ተማሪን መመደብ ይሰማል። በ2013 ዓ.ም. ከ1,000 የሚበልጡ ሰዎች አንጎል ተመርምሮ እንዲህ ያለ የሰው ዓይነት አልተገኘም። ራስ መዳሰሱ ቢቀርም የጋል መንፈስ ገና አልሞተም።

የተወደዳችሁ ጓደኞቼ፤ አንድ እንጀራ በማይበልጥ ስፋት ላይ ዐይን፣ እጅ፣ አንደበትና ይሉኝታ ቦታ ቦታቸውን ይዘው በሰላም ይሠራሉ። አንዱ ሲጎዳ ሌላው በሚችለው ይረዳል። ይህን ካርታ የሰጡን ደግሞ ሊቃውንቱ ብቻ አይደሉም፤ በሆስፒታል የተኙ ድሆች፣ በጦር ሜዳ የቈሰሉ ወታደሮች፣ ነቅተው በቢላዋ ሥር የተጋደሙ ሕመምተኞች ናቸው። ዕዳችንን የምንከፍለው ያገኘነውን ዕውቀት ለእነሱ ቢጤዎች መልሰን ስናደርስ ነው።